በቻይንኛ ከ«እወድሻለሁ» በፊት «በላሽ ወይ?»

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ከዚያ በፊት በቻይኖች የመንገድ ሥራ ካምፕ አምስት ዓመት ምግብ አብስያለሁ። ቻይንኛውን የለመድኩት እዚያው ወጥ ቤት፣ በጆሮዬ ነው። ይህን የሚያውቁ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። «እትዬ፣ እወድሻለሁ በቻይንኛ ምን ይባላል?»

«ዎ አይ ኒ» ይባላል። ዎ እኔ፣ አይ መውደድ፣ ኒ አንተም አንቺም። ግን እባካችሁ በሱ አትጀምሩ። ከባድ ቃል ነው፤ ትዳር ውስጥ ያሉት እንኳ ቆጥበው ነው የሚያወጡት። የሚጀመረው «ዎ ሺኋን ኒ» ተብሎ ነው። ወድጄሻለሁ፣ ደስ ትይኛለሽ እንደማለት። «ዎ ዬ ሺኋን ኒ» ካለች፣ እኔም ማለቷ ነው። «ኒ ሽ ገ ሃው ረን»፣ ጥሩ ሰው ነህ፣ ካለች ግን ብዙ ጊዜ በትህትና እምቢ ማለቷ ነውና አትጨቅጭቋት።

ዋናው ችግር ድምፁ ነው። እኛ «ገና» ስንል በዓሉን ይሁን «ገና ነው»ን የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። እነሱ የሚለዩት በዜማ ነው። አራት ዜማ አላቸው፦ ከፍ ብሎ የሚቆይ፣ የሚወጣ፣ ዝቅ የሚል፣ የሚወድቅ። በ«ዎ አይ ኒ» ውስጥ ዎ እና ኒ ዝቅ ይላሉ። አይ ከላይ ወደ ታች ይወድቃል፤ ልጅን «ተው!» ስንል እንደምንጥለው። ሁለት ዝቅ ያሉ ድምፆች ከተከታተሉ ደግሞ የፊተኛው ወደ ላይ ይወጣል። ሺም ዝቅ የሚል ነውና «ዎ ሺኋን ኒ» ሲባል ዎ ወደ ላይ ይወጣል። አሥር ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት፤ በሹክሹክታ ዜማው አይያዝም።

ካምፑ ውስጥ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ቀያሽ፣ እሷ ሒሳብ ሠራተኛ። በአምስት ዓመት አንድ ቀን «ዎ አይ ኒ» ሲባባሉ አልሰማሁም። ዓሣ ስሠራ ግን በሁለቱ እንጨት እሾሁን አንድ በአንድ ይለቅምና ነጩን ሥጋ ሩዟ ላይ ያስቀምጥላታል። ምግቡ ይቀዘቅዝበታል እንጂ የሷን ሳይጨርስ የራሱን አይነካም። እሷም ቀና ሳትል ትበላለች። ለኔ ጉርሻ ማለት ያ ነበር፤ እጁ አፏ ጋ አልደረሰም እንጂ።

ስለዚህ እኔ ቀድሜ የማስተምረው «ች ለ ማ?»ን ነው። በላሽ ወይ? መጨረሻ ላይ ያለችው ማ ልክ እንደኛ «ወይ» መጠየቂያ ናት። ለማንም የሚባል ሰላምታ ነው፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከአንድ ሰው ሲመጣ ግን ልብ ይገባል። ስትሄድ «ሉሻንግ ሺያውሺን»፣ በመንገድሽ ተጠንቀቂ። ስትናፍቅህ «ዎ ሺያንግ ኒ»።

ስልክ ላይ 520 ብላ ከጻፈችልህ የገንዘብ ሒሳብ እንዳይመስልህ። «ዉ አር ሊንግ» ሲባል ከ«ዎ አይ ኒ» ጋር ስለሚቀራረብ ነው። በፈረንጆቹ ግንቦት 20 በዚሁ ምክንያት የፍቅረኞች ቀን ሆኗል፤ በእኛ ግንቦት 12፣ ልደታ ባለፈ በ11ኛው ቀን። 1314 ከጨመረችበት «ዕድሜ ልክ» ብላለች።

ስጦታ ላይ የግድግዳ ሰዓት አይሆንም፤ ሰዓት መስጠት የሚለው አባባል ሟች ከመሸኘት ጋር በድምፅ አንድ ነው። ጃንጥላም እንደዚያው፣ ስሙ ከመበታተን ጋር ይመሳሰላል። በጅማ ዝናብ ጃንጥላ አለመስጠት ይከብዳል፤ እናንተ አብራችሁ ተጠለሉበት። ቡና ስጧት። ግማሽ ኪሎ፣ የታጠበ፣ ቤት የተቆላ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጥቶ ረጅም የፍቅር ደብዳቤ ተርጉሚልኝ አለኝ። ልጅቷ በዚያ ዝናብ በባጃጅ ወደ አጂፕ ሰፈር ሄዳለች። ደብዳቤውን አስቀምጠው፣ «ዳው ጂያ ለ ማ?» ብለህ ላክ አልኩት። ቤት ደረስሽ ወይ? ሁለተኛውን ቡና ሳልቀዳ ስልኩ ጮኸ። «ዳው ጂያ ለ። ኒ ነ?»

ደርሻለሁ። አንተስ?