የንጉሥ ኢዮስያስን ተሐድሶ ከሁለቱ ትረካዎች አስተያይቶ ለማጥናት

የይሁዳ ንጉሥ ኢዮስያስ ጣዖትን ያስወገደበትን ታሪክ በሚገባ መረዳት የሚሻ አንባቢ ሁለተኛ ነገሥት 22 እና 23ን ከሁለተኛ ዜና መዋዕል 34 ጋር ጎን ለጎን ያንብብ። አስቀድሞ ዓመታቱን በወረቀት ያስፍር፤ ንጉሡ በ8 ዓመቱ ነገሠ፤ በዜና መዋዕል አተራረክ ምድሪቱን ማንጻት የጀመረው በነገሠ በ12ኛው ዓመት ሲሆን፣ የሕጉ መጽሐፍ የተገኘው ግን በ18ኛው ዓመት ነው። መጽሐፈ ነገሥት በአንጻሩ ጣዖት የማስወገዱን ሥራ ከመጽሐፉ መገኘት በኋላ ያስቀምጠዋል። ይህን ልዩነት ቸኩሎ ከማስታረቅ ይልቅ ጸሐፊዎቹ ለምን እንዲህ እንዳቀናበሩት መጠየቅ ይበጃል።

ረጅሙን ጊዜ ለሁለተኛ ነገሥት 23 ይስጥ፤ ዝርዝሩ (አንዳንዶች አሰልቺ ነው ብለው የሚዘሉት) ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከየት ወጥቶ ምን እንደ ተደረገ ይከታተል፦ ለበኣል የተሠሩት ዕቃዎች ከቤተ መቅደስ ወጥተው በቄድሮን ሜዳ ተቃጠሉ፣ አመዳቸውም ወደ ቤቴል ተወሰደ፤ ለፀሐይ የተሰጡት ፈረሶች ከመግቢያው ተወገዱ፣ ሰረገሎቹም ተቃጠሉ። ቤቴል ሲደርስ ወደ አንደኛ ነገሥት 13 ይመለስ፤ መሠዊያው እንደሚረክስ ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው የኢዮስያስን ስም ጠርቶ የተናገረው በዚያ ስለሆነ፣ ንጉሡ የዚያን ሰው መቃብር ሳይነካ የተወበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።