ጽሑፍ አለ፣ አንባቢ የለም፦ የድርጅት ድረ ገጽ ችግርና መፍትሄ

ሳይቱ ይከፈታል፣ ሆስቲንጉ ተከፍሏል፣ በየሳምንቱ ጽሑፍ ይወጣል። ሰው ግን ዝር አይልም። ለዚህ አቤቱታ ብዙ ቢሮ ተጠርቻለሁ። አሁን አሁን ከላፕቶፑ በፊት የማወጣው ስልኬን ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሟል

ሳይቱ ላይ ያለው የጉግል አናሊቲክስ፣ ማለትም ጎብኚ የሚቆጥረው የጉግል መሣሪያ፣ የድሮው ኮድ ነው። «ዩኤ» ብሎ የሚጀምረው መለያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ወዲህ አይቆጥርም። በአዲሱ ይተካ።

የድርጅቱን ስም ብንጽፍ እንኳ ጉግል ላይ አይመጣም

ሳይቱ በዎርድፕሬስ (ሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ከተሠራ ሴቲንግስ ውስጥ «ሪዲንግ» የሚለውን ክፈቱ። የፍለጋ ሞተሮች እንዳይገቡ የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች። ሠሪው ሳይቱን ሲሞክር ምልክት ያደርግባታል፣ ቀሪ ክፍያውን ሲቀበል ማንሳቱን ይረሳል። አንሷትና ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል የሳይት ባለቤቶች መሣሪያ ላይ ሳይትማፑን፣ ማለትም የገጾቻችሁን ዝርዝር፣ አስገቡ። ከዚያ ታገሡ፤ በማግስቱ ደውላችሁ «አሁንም የለም» እንዳትሉኝ።

ቴሌግራም ላይ ሊንኩ የድሮውን ፎቶ ያሳያል

ሊንኩን እዚያው ቴሌግራም ላይ ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ላኩለት፣ ያድሰዋል።

ከጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደን ብንፈልግ የለም

አብዛኛው ጥሪ ይሄ ነው። ገጹን በስልኬ እከፍትና አንዱ ቃል ላይ ጣቴን ተጭኜ እቆያለሁ። ቃሉ ከተመረጠ ሌላ ችግር እፈልጋለሁ። «ምስሉን አውርድ» የሚል ከመጣ ግን አለቀ። ጽሑፍ ያላችሁት ነገር ፎቶ ነው።

ዲዛይነሩ ለቴሌግራም የሠራውን ፖስተር አምጥቶ ሳይቱ ላይ ለጥፎታል። ጥላ ያለው ፊደል፣ የወርቅ ክፈፍ፣ ጥግ ላይ አርማ። ያምራል፣ አልዋሽም። ለጉግል የደረሰው ግን የፋይሉ ስም ነው፤ እሱም «ፋይናል ፋይናል 3» ይላል። ጉግል ከምስል ላይ ፊደል የሚለቅምበት ጊዜ አለ። በአማርኛ ፖስተር ግን በዚያ ተማምናችሁ እንዳትተኙ።

አንድ የውሃ ፓምፕ አስመጪ ጋ የዓመት ሥራ ተደርድሮ አገኘሁ፣ ሁሉም ፖስተር። ሥራ አስኪያጁ «ይኼ ጉግል አማርኛ አይችልም እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ይህን ሲሉ እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ላይ ናት፦ «አይ ወንድሜ፣ እሱ ፓምፕ ከዚያ ጉድጓድ አይስብልህም።» ከምሳ በኋላም ለሌላ ሰው ያንኑ ደገመችው። አጠገቧ ተቀመጥኩና የምትለውን ጻፍኩ፤ የጎደለውን ቴክኒሻኑ ሞላልኝ። ከላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃ የሚያገኘው አየር ከታች እየገፋለት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በስሌት 10 ሜትር ገደማ ይስባል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ሳሳ ያለ ነው። ስሌቱ ራሱ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከ5 ወይም 6 ሜትር በኋላ መከራው ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ሰብመርሲብል ግዙ። በቃ። ርዕሱን «ፓምፑ ለምን ውሃ አይስብም?» አልነው። ወርቅ የለው፣ ጥላ የለው። ዛሬ ከጉግል ወደ ሳይታቸው የሚመጣው ሰው አብዛኛው በዚያች ገጽ ነው የሚገባው። ፖስተሮቹ አሁንም እዚያው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ስለሚወዷቸው አልነካኋቸውም።

ይህ ችግር የባሰ ወንድም አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚግባቡበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይስሉት ነበር። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ሳይቱ ላይ ሲለጠፍ ዝብርቅርቁ ይወጣል። አንድ የሒሳብ ቢሮ የግብር ወቅት ሊደርስ ሲል ቆንጆ ማብራሪያ አዘጋጀ። ሲለጥፉት ተዘበራረቀ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስክሪንሾት አንስተው ሰቀሉት! ሐምሌ መጣ፣ ሐምሌ ሄደ፣ ማንም አላገኘው።

መፍትሄው አሰልቺ ነው። የድሮውን ሰነድ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ፣ ከዚያ ቃል በቃል አንብቡት። ፖስተር ላይ ያለውን እንደገና ተይቡ። ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አትሸውዱኝ፤ በድሮ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍ ውስጡ ያው ዝብርቅርቅ ነው። ርዕሱም በፊደል ይጻፍ እንጂ ምስል ላይ አይሁን። ፖስተሩ ከጽሑፉ ሥር ይቀመጥ።

ጉግል ያውቀዋል፣ ፈልጎ የሚመጣ ግን የለም

ቃሉ የቢሮ ቃል ነው። እናንተ «የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር» ትላላችሁ፣ ሰው የሚፈልገው «ሮቶ» ብሎ ነው። እናንተ «የፀሐይ ኃይል ማመንጫ»፣ ሰው «ሶላር»። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ የሚለው ጣጣም አለ። አንዱን ርዕስ ላይ አድርጉ፣ ሌላው ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ይግባ፤ ሁሉንም አንድ መስመር ላይ አትጎስጉሱ። በላቲን ፊደል የሚፈልገውም ብዙ ስለሆነ የዕቃውን ሞዴል በላቲን አስቀምጡለት።

ሊንኩ አንድ ክንድ ነው

አድራሻው ውስጥ አንዱ የአማርኛ ፊደል ሲመሰጠር 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕሬስ 200 ላይ ይቆርጠዋል፣ ማለትም 22 ፊደል ገደማ ላይ። አድራሻውን ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል አድርጉት። ቀድሞ የተሰራጨ ሊንክ ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ፣ ወደ አዲሱ የሚመራ ካላበጃችሁ ይሞታል።

ቻናሉ ሰው ሞልቶታል፣ ሳይቱ ባዶ ነው

ጽሑፉን ሙሉውን ቴሌግራም ላይ ካወጣችሁት ማን ሊንክ ይጫናል? ጥያቄውንና ግማሽ መልሱን እዚያ አውጡ፣ ሰንጠረዡና ዋጋው ሳይቱ ላይ ይሁን። ሜምበር የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ እኔን አትጥሩኝ። የተገዛ ሜምበር ፓምፕ አይገዛም። ሁሉንም እንቁላል ቻናሉ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ተገድበው በቆዩ ጊዜ ምን እንደሆኑ አይቻለሁ። ያኔ ቪፒኤን የሌለው ደንበኛ ሊያገኛቸው የሚችለው ጉግል ላይ ነበር።

ይገባሉ፣ ሳይከፈትላቸው ይወጣሉ

በስልክ የተነሳ 5 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ ተሰቅሏል። አንባቢያችሁ ፓኬጁን በሜጋባይት እየቆጠረ ነው የሚከፍተው። ወርዱን 1,200 ፒክስል አድርሱት፣ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች አውርዱት፣ ከዚያ ስቀሉ። ዋይፋይ አጥፍታችሁ በዳታ ሞክሩት። የቢሮ ዋይፋይ ላይ ሁሉም ሳይት ፈጣን ነው።