ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፑ ሲንቀራፈፍ፦ ኢፌክቱን ከማጥፋታችሁ በፊት

መስኮት ሲዘጋ ቀስ ብሎ የሚደበዝዘው፣ ከሜኑው ጀርባ ብዥ ብሎ የሚታየው ነገር ሁሉ የአንድ ፕሮግራም ሥራ ነው። ኮምፖዚተር ይባላል። ግኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ሙተር፣ ኬዲኢ በሚባለው ላይ ክዊን ነው። የየመስኮቱን ምስል ለብቻ ይይዝና ሁሉንም ደራርቦ አንድ ስክሪን ያደርገዋል። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ ይህን በሴኮንድ እስከ 60 ጊዜ ይደጋግመዋል። ለግራፊክስ ካርድ ቀላል ሥራ ነው፤ ለፕሮሰሰር ግን ጭነት ነው። ስለዚህ ሴቲንግ መነካካት ሳትጀምሩ አንድ ነገር አጣሩ፦ ስክሪኑን እየሳለ ያለው ካርዱ ነው ወይስ ፕሮሰሰሩ?

ሁሉም ነገር ይጎተታል፣ ፋኑም ይጮሃል

ሴቲንግስ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ክፈቱና "ግራፊክስ" የሚለውን መስመር አንብቡ። የካርዳችሁ ስም ካለ ደህና። "ኤልኤልቪኤምፓይፕ" የሚል ካያችሁ ግን ጉዱ እዚያ ነው። እሱ ካርድ አይደለም። ሜሳ የተባለው የግራፊክስ ላይብረሪ የሚሠራ ድራይቨር ሲያጣ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ የሚያሸክምበት መንገድ ነው። ድሮ ግኖም ካርዱ ካልሠራ ኢፌክት የሌለው ተራ ዴስክቶፕ ያመጣ ነበር፤ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። በ2013 በወጣው 3.8 ያ ቀረ። አሁን መልኩ ሳይለወጥ ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ "ኖሞድሴት" የምትባል አንዲት ቃል ናት። ኢንስቶል ሲደረግ ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ አንድ ሰው "ይቺን ጨምር" ይላል፣ ይጨመራል፣ ይሠራል፣ ይረሳል። ቃሏ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) "የካርዱን ድራይቨር ስክሪኑን እንዲቆጣጠር አትፍቀድለት" ማለት ናት። እሷ እያለች ኢፌክት አምሮ አይሠራም።

ለመሞከር ኮምፒውተሩ ሲነሳ የግራብን (ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሜኑ አውጡ። ካልታየ ኢስኬፕን ተጫኑ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሆናችሁ የ"ኢ" ቁልፍን ስትነኩ ጽሑፍ ይከፈታል። "ሊኑክስ" ብሎ የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉና እስከ ጫፉ ሂዱ። "ኳይት ስፕላሽ" ከሚሉት ቃላት አጠገብ "ኖሞድሴት" ካለች አጥፉት፤ ከዚያ ኤፍ10። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ ሪስታርት ማድረግ ይበቃል። ከሠራ ቃሏን ከግራብ የሴቲንግ ፋይል ሰርዙና ግራብን አፕዴት አድርጉ።

ቃሏ ከሌለች ፈርምዌር (ካርዱ ሲነሳ የሚጫንለት የውስጥ ሶፍትዌር) ይጎድል ይሆናል። የኤኤምዲ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ቢኖርም የፈርምዌር ፋይሎቹ ለብቻ ይመጣሉ፤ እነሱ ከሌሉ ካርዱ በወጉ አይነሳም። ዴቢያን እነዚህን ከኢንስቶለሩ ጋር መስጠት የጀመረው በ2023 በወጣው 12ኛው እትም ነው። ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ደግሞ የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ የስሪዲ ማፋጠኛውን አብሩ። በቃ።

ትናንት ይሠራ ነበር፣ ከአፕዴት በኋላ ጠፋ

ይህ የኤንቪዲያ ባለቤቶች ኑሮ ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር የከርነሉ አካል ስለሆነ አብሮት ያድጋል። የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር ግን ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር የሚስማማው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚሰካ ክፍል) ያስፈልገዋል። ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል፤ የአዲሱ ከርነል ሄደር ፓኬጅ (ሞጁል ለመገንባት የሚያስፈልጉት ፋይሎች) ከሌለ ግን አይችልም። መፍትሄው፦ ከግራብ ሜኑ በአሮጌው ከርነል ግቡ፣ ሄደሮቹን ኢንስቶል አድርጉ፣ ሞጁሉ እንደገና ይገንባ።

ሞጁሉ ተገንብቶም ላይነሳ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፊርማ የሚያጣራው ሴኪዩር ቡት ከበራ ያልተፈረመ ሞጁል አይገባም። ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ ከጠየቃችሁ፣ በሚቀጥለው ሪስታርት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚያ ቁልፉን መመዝገብ የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስወርድ ማስገባት አለባችሁ። ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሚጠብቅ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ካለፋችሁ ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ምዝገባውን ድገሙ።

በእኔ በኩል ድራይቨሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርዶ መጫን አልመክርም። የዲስትሮው (የምትጠቀሙበት የሊኑክስ ዓይነት) ፓኬጅ ይሻላል፤ ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ተፈርሞ ነው የሚመጣው። ካርዱ አሮጌ ከሆነ ቁጥሩንም እዩ። ኬፕለር ለሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ ትውልድ የመጨረሻው ድራይቨር 470 ነው፤ ለማክስዌልና ለፓስካል 580። ከዚያ በላይ ያለውን ብትጭኑ ካርዱን አያውቀውም።

የካርዱ ስም አለ፣ ግን አሁንም ይንተባተባል

ድራይቨሩ ኑቮ (ለኤንቪዲያ ካርዶች የተሠራው ክፍት ድራይቨር) ከሆነ ካርዱ ላይ አትፍረዱ። ከሁለተኛው የማክስዌል ትውልድ ጀምሮ ኤንቪዲያ የተፈረመ ፈርምዌር ስለሚጠይቅ ኑቮ የካርዱን ፍጥነት መጨመር አልቻለም፤ ሲነሳ በያዘው ዝቅተኛ ፍጥነት ይቀራል። ለቱሪንግ ትውልድና ከዚያ በኋላ ላሉት ከርነል 6.7 ላይ መንገድ ተከፍቷል። ከዚያ በፊት ላሉት የኤንቪዲያን ድራይቨር መጫን ነው፤ ወይም ብዥታውን አጥፍቶ መኖር። ከኢፌክቶቹ ሁሉ ከባዱ ብዥታው ስለሆነ እሱን ብቻ ማጥፋት ብዙ ያቀላል።

ቪዲዮ ወይም ገጽ ሲንሸራተት መሃሉ ይሰነጠቃል

ብዙ ጊዜ ኤክስ11 በተባለው አሮጌው የስክሪን ሥርዓት ላይ ናችሁ ማለት ነው። ሎጊን ገጹ ላይ አዲሱን፣ ዌይላንድን ምረጡ። በኤንቪዲያ ዌይላንድ ላይ መስኮቶች ብልጭ ድርግም ካሉ ድራይቨሩን 555 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት፤ ኮምፖዚተሩም አዲስ ይሁን። ድራይቨሩና ኮምፖዚተሩ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ስልት የተስተካከለው በዚያ እትም ነው።

ከእንቅልፍ ሲነሳ መስኮቶቹ በተበጣጠሰ ቀለም ይሞላሉ

ኮምፒውተሩ ሲተኛ የቪዲዮ ሜሞሪው ይዘት ጠፍቷል። ይህም በኤንቪዲያ ይበዛል። ድራይቨሩ ሜሞሪውን እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ ኦፕሽን አለው፤ እሱንና የሰስፔንድ ሰርቪሶቹን አብሩ። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።