አዋሽ በረሃ ላይ ሎጅ ልትይዙ ላሰባችሁ

አዋሽ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ያላለቀ ሥራ ለነገ ያድራል። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ከ3 ሰዓትም በፊት ማለቅ አለበት። ይህን ሳላውቅ ነው ከአዲስ አበባ ሆቴል ወጥቼ፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ 12 ጎጆ ያለው ሎጅ የተረከብኩት። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን ሁለት ልጆች “እትዬ፣ እኛም በረሃ ላይ ሎጅ ልንይዝ ነው፤ ከምን እንጀምር?” ብለው ደወሉልኝ። ኔትወርኩ ሦስቴ ስለቆረጠን በጽሑፍ ይሻላል አልኩ።

ከውኃ ጀምሩ።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ቡና ሳልጠጣ ዱላ ይዤ ሮቶው ጋ እሄዳለሁ። ሮቶውን ከላይ ወደ ታች ስታንኳኩት ባዶው “ደንግ ደንግ” ይላል፤ ውኃው ያለበት ጋ ስትደርሱ ድምፁ ይታፈናል። እዚያች ቦታ ላይ በከሰል አስምሩ። በትናንቱና በዛሬው መስመር መካከል ያለው እንግዳ የታጠበበት ነው። ከለመዳችሁት በላይ ከወረደ ወይ ቧንቧ ያፈስሳል፣ ወይ አንዱ ሻወር ከፍቶ ተኝቷል፣ ወይ ዝንጀሮ የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ ጠጥቶ ሄዷል። ሦስቱም ደርሰውብኛል። ዝንጀሮ መክፈት ያውቃል፤ መዝጋት የሱ ሥራ አይደለም። ቦቴ ዛሬ ተደውሎለት ነገ አይመጣም፣ ስለዚህ መስመሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ደውሉ። ሩብ ላይ ሲደርስ የምትደውሉ ከሆነ ከእንግዳ ጋር መጣላታችሁ አይቀርም።

የመጠጥና የመታጠቢያ ውኃ አትቀላቅሉ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የብዙ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው በዚያ ነው። “አፍልቼዋለሁ” ብሎ ነገር የለም፤ ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ላይ ይብሳል። እኔ ለመጠጥና ለወጥ ሰማያዊ ጄሪካን፣ ለእጥበት ቢጫ ጄሪካን ይዣለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የምጠይቀው የጄሪካኖቹን ቀለም ነው።

ሮቶውን ደግሞ ፀሐይ ላይ አትትከሉት። እኔ ተክዬው ነበር። አንድ እንግዳ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ “ቀዝቃዛ ሻወር” ብሎ ገብቶ እየጮኸ ወጣ። አሁን ሰሌን ለብሷል፤ የምንሞላውም ማታ ነው። የሶላሩን አቧራ የምናብሰውም ጎህ ሳይቀድ ነው፤ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ወጥ ቤቱ ሰፊ ጉዳይ ነው። ፈረንጅ አያስቸግርም፤ ፓስታም ሩዝም ይበላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የኛው ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 20 ሆነው ከአዲስ አበባ መጡ፤ እኔም አንድ ሙክት አሳርጄ ጥብሱን እያጨስኩ አቀረብኩ። አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ “ያረደው ማነው?” አለችኝ። አፌ ተሳሰረ። ከመካከላቸው ዘጠኙ ሙስሊሞች ነበሩ፣ ያረደው ደግሞ ክርስቲያኑ ወጥ ቤታችን ነው። ዘጠኙ ሽሮ በልተው አደሩ። በማግስቱ ሂሳቡን ምንም ሳይሉ ሙሉ ከፍለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው፤ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ድስት፣ ፍሪጁም ውስጥ ሁለት መደርደሪያ። የሙስሊሙን አፋሩ ጠባቂያችን ያርዳል፣ የክርስቲያኑን ወጥ ቤቱ። ቦታ ሊይዝ የደወለ ሁሉ ስንት ሰው እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ሙስሊም፣ ስንቱ ጿሚ እንደሆነ ይጠየቃል። ሰው የሚቀየም ይመስላችኋል፤ ደስ ነው የሚለው። ከ20 ሰው በታች ከሆኑ ሁለት ፍየል ማረድ ኪሳራ ነው፣ ያን ጊዜ ዶሮ። ረቡዕና ዓርብ ምንም ሰው ባይመጣ እንኳ ሽሮና ምስር አይጠፋም።

አውሬውን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራል፤ የሚፈራውም የተሳሳተውን ነው። “አንበሳ አለ?” ይሉኛል። ፓርኩ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አለ፣ ግን ላታዩት ትችላላችሁ። ይህን ስልክ ላይ ንገሩ፣ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ሳላ፣ ከርከሮ፣ እንሹ፣ ፏፏቴው ሥር አዞ፤ ከዚህም በላይ ከ450 የሚበልጥ የወፍ ዓይነት አለና ወፍ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ተከፍቶ አይመለስም። የሚነሳውም ከእኔ እኩል ስለሆነ ቡናው አብሮት መድረስ አለበት።

ሥራ የሚያስፈታው ዝንጀሮ ነው። የጎጆዎቻችን በር ወደ ታች ሲጫኑት የሚከፈት እጀታ ነበረው። አንድ ቀን ትልቁ ወንድ 7 ቁጥር ገብቶ ብስኩት በላ፣ የጥርስ ሳሙና ጨመቀ፣ በመጨረሻም የሴትዮዋን የእጅ ቦርሳ ይዞ ግራር ላይ ወጣ። ፓስፖርቷ ውስጡ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥሩ ቆመን ቀረን። ቦርሳው ውስጥ የሚበላ አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ነው የጣለልን። በማግስቱ ሁሉም በር ላይ፣ ከውጭም ከውስጥም፣ ከፍ አድርጌ መቀርቀሪያ አስመታሁ። እናንተ ገና ስትሠሩ አስመቱት፣ ይረክሳል። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም የሚባለው ተረት ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ስጮህ ተቀምጦ ያየኛል፣ ጠባቂው ብቅ ሲል ይሮጣል። ስለዚህ ቁርስ ላይ ዱላ የያዘ ወንድ ይቁም። እንግዳ ዳቦ ሲወረውር ካያችሁ ሳታፍሩ ከልክሉ፤ ዛሬ ከእጅ የተቀበለ ነገ ከጠረጴዛ ይነጥቃል።

ጅብ የሚመጣው ለቆሻሻው ነው። አጥንት ሳያድር ይቃጠላል፣ አመዱ ይቀበራል። የቆዳ ጫማ በረንዳ ላይ አይደር፤ አንዱ እንግዳ በአንድ እግር ጫማ አዲስ አበባ ገብቷል።

ጊንጥን በተመለከተ ዘዴ አለ። የሐሰት ብር የሚፈተሽበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ግዙ። በጨለማ ስታበሩበት ጊንጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ማታ ማታ ከ12ቱ ጎጆዎች ደጃፍ እየለቀምን እናርቃለን፤ ልጆች ያላቸው እንግዶች አብረውን መዞር ይወዳሉ። ነጭ መብራት በር ላይ አትስቀሉ፤ መብራቱ ነፍሳትን ይጠራል፣ ነፍሳቱ ጊንጥና እንቁራሪት ይጠራሉ፣ እንቁራሪቱ እባብ ይጠራል። ጠዋት ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም። ሰው ከተነደፈ መብጣት የለም፣ ማሰር የለም፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። መኪናችን ሁልጊዜ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ፣ ነዳጁ ከግማሽ ሳይወርድ ይቆማል፤ ቁልፉ ወጥ ቤት ምስማር ላይ ነው እንጂ የሾፌሩ ኪስ ውስጥ አያድርም።

ሰዓት ላይ አንድ ነገር። ለፈረንጅ “ጉዞው 12 ሰዓት ላይ ነው” ብላችሁ እንዳትተዉት። ብዬ ትቼው ነበር፤ ባልና ሚስት ኮፍያ አድርገው እኩለ ቀን ላይ ከች አሉ። “ፀሐይ ስትወጣ” በሉ።

የማገዶውን ነገር ባጭሩ፦ ግራር አትንኩ። አካባቢውን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል፣ ቢቆረጥም የሚቆጭ የለም። እሾሁ ጎማ ይበሳልና ትርፍ ጎማ ሁለት ያዙ። መሬቱም ይንቀጠቀጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ለወራት ሲናጥ ያየነውን አይተን ብርጭቆና ጠርሙስ ከወገብ በላይ አንደረድርም።

ጎረቤት ስል አፋሩንና ከረዩውን ማለቴ ነው። ወተቱንም ፍየሉንም ከነሱ ግዙ፣ ጠባቂውንም ከነሱ ቅጠሩ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሳይቸኩል ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ይለዋወጣል። በመጀመሪያው ክረምት ጠባቂያችን በር ላይ ከአንድ ግመል ነጂ ጋር ተቀምጦ ሲያወራ ሩብ ሰዓት አለፈው። “ሥራ ፈት!” ብዬ ጮህኩበት። ዝም ብሎ ጨረሰና መጣ። “እትዬ፣ ላይ በኩል ብዙ ዘንቧል፣ ወንዙ ሌሊት ይመጣል” አለኝ። ለነገው ቁርስ 14 ወንበር ወንዙ ዳር አስደርድሬ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ አብረን አነሳነው፤ ጠዋት ወንበሮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ሻይ በወተት የመሰለ ውኃ ይወርድ ነበር።

አሁን በሩ ላይ ዳጉ ሲጀመር ካየሁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እልካለሁ፣ ስኳሩ በዛ ተደርጎ።