ከቅልጥም አጥንት ለፍቅረኛ ማስታወሻ አሠራር

ሙያው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ወደቦች ከናንታኬትና ከኒው ቤድፎርድ የሚነሱ መርከቦች ሦስት አራት ዓመት ባሕር ላይ ይቆዩ ነበር፤ ዓሣ ነባሪ ዝር የማይልበት ቀን ብዙ ስለነበር ሥራ የፈታው መርከበኛ የዓሣ ነባሪ ጥርስ በኪስ ቢላዋና በሸራ መስፊያ መርፌ እየጫረ፣ ጭረቱን በመብራት ጥቀርሻ እያጠቆረ ይውላል። ስክሪምሾ ይሉታል። ፍሬድሪክ ማይሪክ ሱዛን በተባለች መርከብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1828 እና 1829 የቀረጻቸው ጥርሶች ዛሬም አሉ። ለፍቅረኛ ግን ኮርሴት (ሴቶች ወገባቸውን የሚያጠብቁበት ልብስ) ውስጥ ደረት ላይ የሚገባ ቀጭን የአጥንት ዝርግ ይሠሩ ነበር። ልጅቷ ልቧ ላይ ይዛው ትዞራለች። ጮሌዎች!

እኛ ጋ ዓሣ ነባሪ የለም፤ ሐዋሳ ሐይቅ ያለው ቆሮሶና አምባዛ ነው። ቅልጥም ግን በየሥጋ ቤቱ አለ፤ ያልተጠበሰውን ጠይቁ።

መቅኑን አውጡና በሳሙና ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ቀቅሉት። አይንተክተክ። ስብ ውስጡ ከቀረ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ገዝታችሁ አንድ ቀን ዘፍዝፉት፤ በረኪና ግን እንዳትሞክሩ፣ አጥንቱን ይበላዋል። ሲደርቅ በብረት መጋዝ ጠፍጣፋ ቁራጭ አውጡና በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ልሙጡ ሂዱ። ማስክ አድርጉ፣ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። መርከበኞቹ በሻርክ ቆዳ ነበር የሚያለሰልሱት።

የኔ ጉድ የመጣው እዚህ ጋ ነው። አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። የእጮኛዬን ፊት ቀርጬ የመጀመሪያውን ስሠራላት ይህን ረስቼ ጥቀርሻውን ዝም ብዬ ቀባሁት፤ አገጯን በሙሉ አጠቆረው። አየችውና «ይሄ ጢማም ደግሞ ማነው?» አለችኝ።

ስለዚህ ከመጫራችሁ በፊት ሻማ እሹበትና በጨርቅ አጥብቃችሁ ወልውሉት። ቀዳዳው ይደፈናል።

ስዕል ለማትችሉ የመርከበኞቹ ዘዴ አለ፦ ፎቶውን አትማችሁ በፕላስተር ለጥፉበት፣ የፊቱን ዳር ዳር በመርፌ ውጉ፣ ወረቀቱን አንሡና ነጥቦቹን በተሳለ ወስፌ አገናኙ። አትጫኑ፤ እጅ ካመለጠ የማይጠፋ መስመር ነው። ጥላ የሚሰጠው የቀጫጭን ጭረት ብዛት ነው። የኔዋ ሹሩባ ብቻ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል።

በመጨረሻ የማንኪያ ጀርባ የሻማ ነበልባል ላይ ያዙ። ጥቀርሻውን በአንድ ጠብታ ዘይት ለውሱና በጣት እሹት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ጭረቱ ውስጥ የገባው ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛውን ከቤት ቁልፏ ጋር አንጠልጥላዋለች። ጢም የለውም።