ቫይረሱ አልተኛ ሲል፣ አልነሳ ሲል

ደሴ ላይ ከንፈሩ ውሃ የቋጠረበት ሰው «ምች መታኝ» ይልና ዳማከሴ ይፈልጋል። ያ የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 ሥራ ነው። ቫይረሱ የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ (ትራይጀሚናል) ቋጠሮ ውስጥ ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል። ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል።

ይህን እንቅልፍ ፕሌት (የሴል ማሳደጊያ ሳህን) ላይ ለማየት ከአይጥ ፅንስ የተወሰደ ነርቭ ሴል እናሳድጋለን፣ የነርቭ እድገት ፋክተር እየሰጠን። ከዚያ የቫይረሱን መባዛት የሚያግደው መድኃኒት አሳይክሎቪር በ100 ማይክሮሞላር ባለበት ቫይረሱን እንጨምራለን። ከሳምንት ገደማ በኋላ መድኃኒቱን እናነሳለን። ቫይረሱ ሲነቃ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሥራው ሲበላሽ የሚታዩት ምልክቶችና መፍትሔያቸው እነሆ።

ምልክት፦ ሚዲየሙ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ወደ ወይንጠጅ ይሄዳል፣ ነርቮቹ ይጎሳቆላሉ።

የኢንኩቤተር (ሴሎቹ የሚቀመጡበት ሙቀትና ጋዝ የሚቆጣጠር ሳጥን) መመሪያ ሁሉ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 በመቶ» ይላል። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በዚያው 5 በመቶ ሚዲየሙ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ያንሳል፣ ፒኤች ይጨምራል፤ ማለትም አሲድነቱ ይቀንሳል። ወደ 6.7 በመቶ ከፍ አድርጉት። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 6.2 አካባቢ ይበቃታል። ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክል ኢንኩቤተርም ስላለ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ሚዲየም ውስጡ አሳድሩና እንዳወጣችሁት ወዲያው ፒኤቹን ለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 መሆን አለበት። ይህን ከማወቄ በፊት ብዙ ነርቭ ሞቶብኛል። እያንዳንዱ ፕሌት የአንድ እንስሳ ሕይወት ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምልክት፦ ምንም ሳትቀሰቅሱት ፕሌቱ አረንጓዴ ያበራል።

መጀመሪያ ያበራው ሴል የትኛው እንደሆነ እዩ። ጠፍጣፋና የሚባዛ ከሆነ ነርቭ አይደለም። እንዲህ ያለው ሴል ውስጥ ቫይረሱ አይተኛም፣ ይራባል። ፍሎሮዲኦክሲዩሪዲንን የመሰለ የሴል መባዛት የሚያግድ መድኃኒት ቀደም ብላችሁ ስጡ። ያበራው ነርቩ ራሱ ከሆነ የጨመራችሁት ቫይረስ በዝቶ ይሆናል፤ በአንድ ሴል 1 ገደማ ተላላፊ ቫይረስ ይበቃል። ወይም ነርቮቹ ገና ናቸው፤ ቫይረሱ ከመጨመሩ በፊት ሳምንት ያህል ይደጉ። የእድገት ፋክተሩ ካለቀም ይነሳል፤ ፋክተሩን መንፈግ ራሱ የታወቀ መቀስቀሻ ነው። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፣ የተጨነቀ ሴል ውጤት ያሳስታል።

ጨለማ ፕሌት አይታችሁ «ተኝቷል» አትበሉ። ሴሎቹን ፈጭታችሁ ቫይረሱ በቀላሉ የሚራባበት የዝንጀሮ ኩላሊት ሴል (ቬሮ ሴል) ላይ አፍስሱ። ተላላፊ ቫይረስ ሳይገኝ፣ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ግን የቫይረሱን ዲኤንኤ ካሳየ ያኔ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሥራ ቢደክሙበትም አይታመንም።

ምልክት፦ ቀስቅሳችሁት አልነሳም።

አብሽሩ፣ አንዳንዴ ጉዳዩ የሰዓት ነው። ለመቀስቀሻ 20 ማይክሮሞላር ኤልዋይ294002 የተባለውን ኬሚካል ከሰጣችሁ ብርሃኑን በ48 እና በ72 ሰዓት ፈልጉ። ካልታየ የቀረ አሳይክሎቪር ጠርጥሩ። የቫይረሱ ጂኖች በ20 ሰዓት ገደማ መነቃቃት ይጀምራሉ። አረንጓዴው የሚመጣው ግን ዲኤንኤው ከተባዛ በኋላ ነው፤ የቀረው መድኃኒት ደግሞ የሚያግደው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ በቀስታ እጠቡ፣ ነርቮቹ በቀላሉ ይላቀቃሉ። መቀስቀሻውንም በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፣ ደጋግሞ ማቅለጥ ያደክመዋል። ጎን ለጎን ማሟሟያው ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት ፕሌት ይኑር። እሱም ካበራ ወደ ሁለተኛው ምልክት ተመለሱ።