«ደጋው ነው የገደላቸው» እያልን የሠራናቸው ስህተቶች

ዓሣ በሞተብን ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ምክንያት ነበረው፤ «ደጋው ነው የገደለው።» እኔም ለሁለት ዓመት ያህል አምኜ ኖርሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የቀይ ባሕር ዓሣ እዚህ ምን ይሠራል? ግን ዛሬ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው፣ ከፍታው ጥፋተኛ የሆነው በአንዱ ብቻ ነው። ሌላው የእጃችን ሥራ ነበር።

የጀመርነው በ1986 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከአሰብ ወደብ የሚመጡ ተሳቢዎች በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹም ሐረጎን ወጥተው ደሴ ያድራሉ። ሹፌር ጎረቤታችን ለልጆቹ ዛጎል ያመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን በቀልድ «ዓሣውንስ ብታመጣው?» አልሁት። «አብሽር!» አለኝ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ዘንድሮ አንድ የኮምቦልቻ ወጣት የጨው ውሃ አኳሪየም (የባሕር ዓሣ ማኖሪያ ገንዳ) ልጀምር ነው ብሎ ሲመጣብኝ፣ ያበላሸነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፍሁለት። ለሌላም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ።

ስህተት 1፦ ናፍጣ የነበረበት ጀሪካን

የመጀመሪያው የባሕር ውሃ የመጣው በሦስት ጀሪካን ነው። ረዳቱ «በኦሞ ሦስቴ አጥቤዋለሁ» ብሎ ማለልን። ገንዳው ውስጥ ስንገለብጠው ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀጭን ነገር ተንሳፈፈ። ፕላስቲክ የጠጣውን ናፍጣ ሳሙና አያስወጣውም፤ ሳሙናው ራሱ ደግሞ ሌላ መርዝ ነው። ከውሃ በቀር ምንም ያልገባበት ጀሪካን ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት። ውሃውንም መርከቦች ከሚቆሙበት ርቆ እንዲቀዳ ማድረግ ይገባል፤ እኛ መጀመሪያ ያስቀዳነው ከወደቡ ጥግ ነበር።

ስህተት 2፦ በብረትና በስቱኮ የተሠራ ገንዳ

መስኮት የሚሠራው ባለሙያ በብረት ማዕዘን አቁሞ፣ መስታወቱን በስቱኮ ለጥፎ ሰጠን። ለወንዝ ዓሣ ይሆን ነበር። የጨው ውሃ ግን ብረቱን በሁለት ወር አዛገው፣ ቡናማው ዝቃጭ ወደ ውስጥ ወረደ። መስታወት ከመስታወት በሲሊኮን ማጣበቅ ነው። ሲሊኮኑም ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን።

ስህተት 3፦ ውሃው በገባ ዕለት ዓሣ ማስገባት

ብዙ ዓሣ የፈጀብን ይሄ ነው። 120 ሊትር ገንዳ ሞላን፣ አምስት ዓሣ በዚያው ምሽት ለቀቅን። ሦስት ነጠብጣብ ያላቸው ጥቁር ዶሚኖዎች ሦስት፣ ቢራቢሮ ዓሣ ሁለት። ሦስት ቀን ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየ። («በጾም ይበላል?» ብሎ የጠየቀ አይጠፋም፤ ለዚህ መልስ የሚሰጡት ካህናት ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።) በአራተኛው ቀን ወደ ላይ ወጥተው አየር ይምጉ ጀመር። በስድስተኛው አንድ ዶሚኖ ብቻ ቀረ። ውሃው ግን ኩልል ያለ ነበር፤ ያሳሳተንም ያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ከስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያውን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። የመጨረሻው በመጠኑ ቢጠራቀም ዓሣ ይችለዋል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ገዳይ ናቸው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል፤ ተራብተው ሥራውን እስኪረከቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8.2 ስለሚጠጋ ደግሞ ያው መጠን አሞኒያ ከወንዝ ውሃ ይልቅ እዚህ ይከፋል።

ሁለተኛ ስንሞክር በ1987 በጥምቀት ማግስት ውሃውን ሞላን፤ ቁራጭ ሥጋ ጥለንበት እስኪበሰብስ ተውነው። ዓሣ የገባው ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ ነው። የውሃ መመርመሪያ ኪት ስላልነበረን የቆጠርነው በቀን መቁጠሪያ ነው። እናንተ ግን ኪቱን ግዙ፤ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ማንም «ቀኑ ሞልቷል» ቢላችሁ አትስሙት። የረዳን ሌላው ነገር ድንጋይ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. ከባሕር በወጣ ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ገንዳውን ጤነኛ አድርጎ እንደያዘ ጽፎ ነበር፤ ባክቴሪያው ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይመጣልና። ሹፌራችን ይህን ሳያውቅ፣ ባሕሩ የተፋውን የሞተ ኮራል ስብርባሪ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ «ለማሳመሪያ» ብሎ አመጣልን። ከገንዘባችን ሁሉ የበለጠው ስጦታ እሱ ሆነ።

ስህተት 4፦ ጨው ሁሉ ጨው መሆኑን ማመን

ውሃው ሲጎድል ከባቲ የሰኞ ገበያ አሞሌ ገዝቼ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ ጨመርሁ። የአፋር ጨው፣ የባሕር ውሃ፤ ዘመዳሞች አይደሉም እንዴ? አይደሉም። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው 35 ግራም ገደማ ጨው፣ ክሎራይድ 19.4፣ ሶዲየም 10.8 ግራም ነው። ቀሪው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላ ነው፤ አሞሌ ይህን አይሰጥም። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ሲያዘጋጅ እንኳ ለምግብ ጨው ኤፕሰም ጨው፣ ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምሮበታል። እኔ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቼ ከእሱ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጨው መጨመሬ ራሱ ነው። የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም፤ በጎደለው ልክ የሚሞላው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ ጨው በጨው ላይ ስደርብ ከረምሁ።

መለኪያ አጣሁና ጋራዥ ሄጄ የባትሪ አሲድ መለኪያ ተዋስሁ። ተንሳፋፊው እንደ ድንጋይ ወረደ። ለካ እሱ የሚጀምረው የባሕር ውሃ ከሚደርስበት በጣም ርቆ፣ ከ1.100 ገደማ ነው፤ ንጹሕ ውሃ 1.000 ቢባል የባሕር ውሃ ክብደት 1.025 አካባቢ ነው። መፍትሔው ወተት ከሚሰበስብ ሰው ተገኘ። የወተት መለኪያው ላክቶሜትር ከ1.015 እስከ 1.040 ያነባል። አዲስ ውሃ ከአሰብ በመጣ ቀን ያሳየውን ቁጥር ግድግዳው ላይ ጻፍሁ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ሙቀት እየለካሁ ቁጥሩን መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ስህተት 5፦ የቆርቆሮ ዝናብ

የሐምሌ ዝናብ ንጹሕ ነው ብዬ ከጣሪያ የወረደውን ጨመርሁበት። ዓሣዎቹ ቻሉት፤ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩት ሸርጣኖች ግን በሁለት ቀን አለቁ። የቆርቆሮው ዚንክ ነው። የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አሳድሮ ክሎሪኑ ሲወጣለት መጠቀም ይሻላል።

ስህተት 6፦ የአየር ፓምፑን ቡና አጠገብ ማስቀመጥ

ይሄን በፈረንጅ መጽሐፍ አታገኙትም። ወሎ ቤት ውስጥ ቡና ካለ ዕጣን አለ፣ ዕጣን ካለ ከሰል አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ክፍሉ ይታጠናል። ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ያንኑ የክፍሉን አየር ነው። ጭሱን ሁሉ አረፋ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይነፋዋል። ከቡና በኋላ ዓሣዎቹ ለምን እንደሚደነብሩ ለመረዳት ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። ቤት ውስጥ ፍሊት የተረጨበት ቀንማ ከአንድ ዶሚኖ በቀር ዓሣ አልተረፈም፤ ያኔም «ደጋው» ተባለ። ገንዳውን ማንቀሳቀስ ባይቻል እንኳ ፓምፑን ሌላ ክፍል አድርጎ ቱቦውን ማስረዘም ይቻላል። ቡናውን ማስቀረት ግን አይታሰብም፤ እናቴ ፊት ይህን የሚናገር ልብ የለኝም።

ስለ እናቴ ካነሳሁ፣ ዓሣዎቹን እንደ እንግዳ ነበር የምታያቸው። ስወጣ ጠብቃ ዳቦ ትፈረፍርላቸዋለች፤ «ጾማቸውን አድረው!» ትለኛለች። የተረፈው ዳቦ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። ስህተት 7 ብዬ ልቁጠረው? የቀን ምግባቸውን በትንሽ ብልቃጥ እየለካሁ ለእሷ ሰጠኋት፤ መጋቢዋ እሷ ሆነች፣ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ስህተት 8፦ ደጋው

አሁን ወደ እውነተኛው ጥፋቱ። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ወደ 5 ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ስለዚህ በመጽሐፍ «ለዚህ ገንዳ ስድስት ዓሣ» የሚል ካያችሁ ሦስት አድርጉት፣ የውሃውን ገጽ አጥብቃችሁ አናውጡ፣ ሙቀቱን 28 ሳይሆን 25 አካባቢ ያዙት፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ አረፋው ይቆማል፣ የኅዳር ቁር ይገባል። ገንዳውን በጋቢ እንጠቀልለዋለን፤ ከዚያ ተራ ገብተን በጆግ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሰዋለን። የድሆች ዘዴ ይመስለኝ ነበር። አና ታይን የተባለች ሴት በ1846 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮራል ስታኖር ያደረገችው ይህንኑ መሆኑን ያነበብሁት በኋላ ነው፤ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚያገላብጡት እሷና የቤት ሠራተኛዋ ነበሩ። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ከዓሣው በፊት እሱን ግዙ።

ስህተት 9፦ ሁሉን ከአንድ መንገድ መጠበቅ

በግንቦት 1990 ጦርነቱ ተነሳና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በእጄ የነበረው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው። ሰባት ወር ያህል ውሃ ሳልቀይር ቆየሁ፤ ዶሚኖው ጥቁረቱ ለቆ አመድ መሰለ። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለች እህቴ አራት ኪሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ላከችልኝ፤ ከመቶ ሊትር በላይ ይሆናል። ዓለም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀምበትን ነገር እኔ መንገድ እስኪዘጋብኝ አልጠየቅሁም ነበር። በ1987 በጾም የገባው ያ ዶሚኖ እስከ 1993 ኖረ።

የኮምቦልቻው ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ያስመጣው ጨው ሁለት ከረጢት አለው፣ ኪቱም አለው፣ ገንዳው ተሞልቶ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ ዓሣ የለበትም። ፓምፑን የት እንዳስቀመጠው ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለ።

«ከጀበናው ፈቀቅ አደርገዋለሁ፣ ጋሼ።»